«ደረሰኙ አለኝ፣ ብሩ ግን የለም»፦ ለአንዲት የባልትና ነጋዴ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና የወጥ ቅመም እያዘጋጀሁ በቴሌግራም ቻናሌና በቲክቶክ እሸጣለሁ። ደንበኞች የሚከፍሉኝ በባለቤቴ የባንክ ሒሳብ ነው። እሱ መርካቶ ይሠራል፤ ብር ሲገባ ሜሴጁ የሚደርሰው ለእሱ ስለሆነ ደውዬ እጠይቀዋለሁ። ለፋሲካ ሰሞን አንዲት ሴት የ7,400 ብር ዕቃ አዛ የከፈለችበትን ደረሰኝ ስክሪንሾት ላከችልኝ። ስሙም፣ የሒሳብ ቁጥሩም፣ የባንኩ ዓርማም ልክ ነበር። ባለቤቴ ስልኩን ባያነሳልኝም ዕቃውን በሞተረኛ ገርጂ ላክሁላት። ብሩ እስከ ዛሬ አልገባም። ባንኩ ‹እኛ ጋ የመጣ ነገር የለም› ይላል። ባንኩን መክሰስ እችላለሁ? አንድ የማውቀው ልጅ ደግሞ ‹በኦንላይን ክፍያ የሚቀበል ዌብሳይት በ60,000 ብር ልሥራልሽ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያጭበረብርሽም› ይለኛል። ላሠራ? ወይስ እንደ ድሮው በጥሬ ብር ብቻ ልሽጥ?»

ባንኩን ለመክሰስ አይድከሙ። ባንኩ የበላብዎት ብር የለም፤ ባንኩ ዘንድ የደረሰም ብር የለም። እርስዎ የተከፈለዎት ብር መንገድ ላይ የጠፋ ነው የመሰለዎት። የሆነው ግን ክፍያ የሚባል ነገር ጭራሽ አለመፈጸሙ ነው። በእጅዎ ያለው ሥዕል ነው። ስሙና የሒሳብ ቁጥሩ ልክ መሆኑ አይግረምዎት፤ ሁለቱንም ቻናልዎ ላይ የለጠፉት እርስዎ ነዎት። ዓርማውና የደረሰኙ ቅርጽ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ 10 ብር ለሰው ልኮ የሚያውቅ ሁሉ ስልክ ውስጥ አለ። አኃዙንና ስሙን መቀየር ፎቶ ማሳመር የሚችል ልጅ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት የሚጨርሰው ሥራ ነው።

ሐሰተኛው ደረሰኝ ሁልጊዜ የተቀባባ አይደለም። በዲጂታል ክፍያ አቤቱታ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሻጮችን ይበልጥ ሲያሳስት ያየሁት እውነተኛው ደረሰኝ ነው። አንድ ደንበኛ በመስከረም በእርግጥ የከፈለበትን ደረሰኝ በጥቅምት ሌላ ዕቃ አዝዞ ያንኑ መልሶ ይልካል፤ ሻጩ ስሙን አይቶ ቀኑን አያይም። ሌላው ከራሱ ስልክ ባንክ ከሚልከው ጋር አንድ ዓይነት አጻጻፍ ያለው ሜሴጅ ይጽፍና «ይኸው ገብቶልሻል» ይላል። ከላይ የሚታየው ላኪ የባንኩ ስም ሳይሆን በ09 የሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር ነው፤ በበዓል ግርግር ግን ማን ልብ ይለዋል?

ምንም ክፋት የሌለበት ሰውም እውነተኛ ደረሰኝ ልኮ ብሩ ላይደርስ ይችላል። ይህንን በራሴ አይቼዋለሁ። የቤት ኪራይ ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ላክሁ፤ ስልኬ «በተሳካ ሁኔታ ተልኳል» አለ፤ ብሩም ከሒሳቤ ወጣ፤ አከራዬ ጋ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልደረሰም። ሰውየው በሁለተኛው ቀን ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዝቅዞ ነበር። በአንድ ባንክ ውስጥ ብር ሲላላክ የሚሆነው በአንድ መዝገብ ላይ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው መደመር ነው፤ ወዲያው ያልቃል። ከባንክ ወደ ባንክ ሲሆን ግን መሀል ላይ ኢትስዊች አለ፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮችን ኤቲኤም ያገናኘው፣ ባንኮች በጋራ የያዙት ድርጅት ነው። ላኪው ባንክ ቀንሶ፣ መልእክቱ ተቀባዩ ባንክ ጋ ሳይደርስ ወይም መልሱ ሳይመለስ መስመር ከተቋረጠ፣ ብሩ ይንጠለጠላል። በኋላ ባንኮቹ መዝገባቸውን ሲያስታርቁ ወይ ወደ እርስዎ ያልፋል፣ ወይ ወደ ላኪው ይመለሳል። «ተልኳል» የላኪው ወገን ቃል ነው፤ ለሻጭ የሚሠራው «ገብቷል» ብቻ ነው። ይህንን የምልዎት ወደፊት ብሩ ያልገባለትን ደንበኛ ሁሉ ሌባ እንዳያደርጉትም ጭምር ነው። «ደረሰኝሽን አይቻለሁ፣ እኔ ጋ እስኪገባ እየጠበቅሁ ነው» ማለት ይበቃል።

ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ እሱን እርስዎ በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ዕቃውን የሚያስረክቡት እርስዎ ኮዬ ነዎት፤ ገንዘቡን የሚያየው ባለቤትዎ መርካቶ ነው። የተዘረፉት በዚህ ክፍተት ነው። ሴትየዋ የፎቶ ባለሙያ መሆን እንኳ አያስፈልጋትም ነበር፤ ባለቤትዎ ስልክ የማያነሳበት ሰዓት መምጣቱ አይቀርም። ቱሉ ዲምቱ አስፋልቱ ዳር አንዲት የሱቅ ነጋዴ አውቃለሁ፤ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ በስክሪንሾት ተታልላ አታውቅም። የዱቤ ደብተሯን ከኋላ በኩል ገልብጣ በየቀኑ የገባላትን ብር፣ ሰዓቱንና የግብይት ቁጥሩን የመጨረሻ አራት ፊደል ትጽፋለች። ደንበኛ ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ልኬያለሁ» ሲል ቀና ብላ እንኳ አታየውም፤ የራሷን ስልክ ትከፍታለች፣ ትጽፋለች፣ ከዚያ ዘይቱን ታወርዳለች። ያው ደረሰኝ ሁለተኛ ቢመጣ አራቱ ፊደላት ደብተሩ ላይ ይገኛሉ። ዕቃውም ስልኩም በአንድ እጅ ነው ያሉት።

አሁን ስለ ዌብሳይቱ። ልጁ ያልነገረዎት፣ ምናልባትም የማያውቀው ነገር አለ። በብዙ አገር የኦንላይን ንግድ የቆመው በካርድ ነው። በካርድ ሲከፈል ገንዘቡን የሚስበው ሻጩ ነው፤ ገዢው ካርዱን ያስገባና የሻጩ ወገን ከሒሳቡ ይወስዳል። ገዢው «ዕቃው አልደረሰኝም» ካለ ባንኩ ብሩን ከሻጩ መልሶ ሊነጥቅ ይችላል። የእኛ አገር ክፍያ የተገላቢጦሽ ነው። ቴሌብር ይሁን የባንክ መተግበሪያ፣ ገዢው ራሱ ፒኑን አስገብቶ ይገፋል፤ አንዴ ከገባልዎት በኋላ ገዢው እንደፈለገ አይስበውም። ስለዚህ እርስዎ እንደ ሻጭ ሊታለሉ የሚችሉት ብሩ ከመግባቱ በፊት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ 60,000 ብር አያወጣም።

የክፍያ መቀበያ አገልግሎት ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይና መሰሎቻቸው ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያላቸው የክፍያ ሥርዓት አንቀሳቃሾች ናቸው። ሥራቸው የደንበኛዎን ቴሌብር፣ የባንክ ሒሳብ ወይም ካርድ ከእርስዎ ሽያጭ ጋር አገናኝቶ «ይህ ትእዛዝ ተከፍሏል» ብሎ በራሱ ምልክት ማድረግ ነው። ከእያንዳንዱ ሽያጭ የተወሰነ ፐርሰንት ይቆርጣሉ፤ ብሩም በውላችሁ መሠረት ተጠራቅሞ ነው ወደ ባንክ ሒሳብዎ የሚገባው። ከውል በፊት ሁለቱንም፣ ቆረጣውንም የማስተላለፊያ ቀኑንም፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ጥቅሙ የሚታየው ትእዛዙ በዝቶ እያንዳንዱን በዓይን ማረጋገጥ ሲያቅትዎት ነው። በቀን አሥርና አሥራ አምስት ትእዛዝ ላለው ሰው ደብተሩ ይበቃል። ትእዛዙ ሲበዛም ቢሆን ዌብሳይት ግዴታ አይደለም፤ የክፍያ ሊንክ ብቻ ፈጥሮ በቴሌግራም መላክ የሚቻልባቸው አሉ።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ፤ ውጭ አገር ያሉ ልጆች «ለእናቴ ሁለት ኪሎ በርበሬ አድርሺልኝ» የሚሉዎት ከሆነ። እነሱ ቴሌብር የላቸውም፤ ካርድ አላቸው። ለእነዚህ የውጭ ካርድ የሚቀበል የክፍያ ሊንክ ማውጣት ተገቢ ነው። ግን ቀደም ሲል ያልኩት የካርድ ጠባይ አብሮ ይመጣል፤ የገባው ብር በክርክር ተመልሶ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ትእዛዝ እናትየው መረከባቸውን የሚያሳይ ነገር፣ ፊርማ ወይም ቢያንስ ፎቶ፣ ሳይያዝ ዕቃው እንዳይሰጥ።

ወደ ጥሬ ብር ልመለስ ያሉትን ብዙ ሰው ያስበዋል፤ እኔ አልመክረውም። እርስዎ ቢመለሱም ደንበኛዎ አይመለስም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር «ይህ ደግሞ ምንድን ነው» ያለው የታክሲ ሾፌር፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ሲደረግ ማደያ ሰልፍ ላይ ቆሞ ተማረው። እኔ እስከማየው ድረስ ከማስታወቂያው ሁሉ በላይ ሰውን ያስተማረው ያ ሰልፍ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኤምፔሳ ተጨመረ። ዛሬ ገርጂ ያለች ደንበኛዎ ቦርሳዋ ውስጥ 7,400 ብር በኖት የላትም፤ ሞተረኛው በር ላይ ሲቆም «ቆይ ኤቲኤም ልሂድ» ትላለች፣ ወይ «ተወው» ትላለች። ለሞተረኛው አንድ መንገድ 350 ብር ነው የሚከፍሉት እንበል፤ ዕቃው ቢመለስ 700 ብር ወጣ ማለት ነው፤ ከአንድ ኪሎ በርበሬ ስንት እንደሚተርፍዎት እርስዎ ያውቁታል። ሞተረኛው ከአምስት ቤት ጥሬ ብር ሰብስቦ ማታ የእርስዎን 20,000 ብር ኪሱ ይዞ ቃሊቲን ሲያልፍ ደግሞ የእርስዎ ጭንቀት ሌላ ነው።

የደንበኛዋን ፍርሃትም መናቅ የለብዎትም። እሷም የማታውቃትን ሴት፣ ያላየችውን በርበሬ ነው የምትገዛው፤ ብሩን ከገፋች በኋላ የሚመልስላት የለም። ክፍያው ወደ ስልክ ገባ እንጂ መሀል ቆሞ ብሩን ይዞ «ዕቃው ይድረስና እሰጥሻለሁ» የሚል ወገን በቴሌግራም ንግድ ውስጥ የለም። «ሙሉውን ቀድመሽ ላኪ» ካሏት ጥሩዋ ደንበኛ ትሸሻለች፤ የምትቀረው ስክሪንሾት የምትልከዋ ነች።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህን ነው። መጀመሪያ፣ የባለቤትዎን ሒሳብ ከንግዱ ያውጡት። በራስዎ ስም፣ በራስዎ ስልክ የሚታይ የነጋዴ ሒሳብ ይክፈቱ። ለዚህ የንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ይጠየቃሉ፤ ለአዲስ የባንክ ሒሳብ ደግሞ ፋይዳ ያስፈልጋል። ፈቃድ ከሌለዎት ከዌብሳይቱ በፊት እሱን ይጨርሱ። የነጋዴ ሒሳብ ከግል ሒሳብ የሚለየው የራሱ አጭር ቁጥርና ኪውአር ኮድ ስላለው፣ ከፋዩም ፒን ከማስገባቱ በፊት የንግዱን ስም ስለሚያይ ነው። የትኛውን ልክፈት የሚለውን የእኔ ምርጫ አይወስነውም፤ ያለፉትን ሠላሳ ትእዛዞች ይቁጠሩና አብዛኛው ሰው የከፈለበትን ይያዙ፤ ለቀሪዎቹ አንድ የባንክ ሒሳብ ይጨምሩ። አንዳንድ ሻጭ ስምንት ባንክ ደርድሮ ይለጥፋል፤ ስምንት ቦታ ማረጋገጥ እንዳለበት ግን አያስብም። «ዱካው ለግብር ይጋለጣል» የሚል ሥጋት ካለዎት ዱካው አሁንም በባለቤትዎ ሒሳብ ውስጥ አለ፤ ከደመወዙና ከዕቁቡ ጋር ተቀላቅሎ። ሲጠየቁ የቱ ሽያጭ፣ የቱ ዕቁብ እንደሆነ ማስረዳት የሚከብደው እንዲያ ሲሆን ነው።

ሁለተኛ፣ ነባር ደንበኛና አዲስ ደንበኛን በአንድ ዓይን አይዩ። ነባሯ እንደ ልማዷ ብሩን ትላክ፤ እርስዎ ቀሪ ሒሳብዎን ወይም የግብይት ዝርዝሩን ከፍተው ያያሉ፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ዕቃው ይወጣል። ሜሴጁን ብቻ አይመኑ፤ ዝርዝሩን ይክፈቱ። አዲሷ ግን የሞተረኛውን ዋጋ ብቻ በቀብድ መልክ አስቀድማ ትላክ፣ የዕቃውን ዋጋ በሯ ላይ ስትረከብ በኪውአር ትክፈል። ከረጢቱን ከፍታ ታሸታለች፣ ቀለሙን ታያለች፣ ስልኳን አውጥታ ስካን ታደርጋለች። ቁልፍ ስልክ ካላት የቴሌብር ከሆነ *127# ደውላ የነጋዴ ቁጥርዎን ታስገባለች። ብሩ ኮዬ እርስዎ ስልክ ላይ ይገባል፤ እርስዎ ለሞተረኛው ደውለው «ስጣት» ይላሉ። ሞተረኛው የደንበኛዋን ስልክ አይቶ እንዲወስን በፍጹም አይፍቀዱለት፤ ያለበለዚያ ክፍተቱ ከመርካቶ ወደ ሞተሩ ተዛወረ እንጂ አልተደፈነም። ቀብዱን ለመክፈል እምቢ ያለች ደንበኛ ብትቀር የሚጎዳዎት ነገር የለም።

ይህ አሠራር የማይፈታው ነገርም አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ አለ፤ በዓል ዋዜማ ደግሞ «ሲስተም የለም» የሚባለው መልስ የተለመደ ነው። ለሞተረኛው የመቆያ ሰዓት አስቀድመው ይስማሙ፤ ካለፈ ዕቃው ይመለስ። የእርስዎ ደረቅ ባልትና ስለሆነ ነገም ይሸጣል፤ ኬክ ቢሆን ኖሮ ይህንን አልልዎትም ነበር። ሞተረኛውም ፈቃድ ያለው ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ በሞተር መንቀሳቀስ ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ስለተከለከለ፣ ሞተሩ ሲያዝ በርበሬውም አብሮ ይያዛል።

የጠፋውን 7,400 ብር በተመለከተ ተስፋዎን አላበዛም። በእርግጥ ብር ልካ ቢሆን ኖሮ ከሒሳቧ ተነስቶ እስከ ማንነቷ መድረስ ይቻል ነበር፤ ሥዕል ብቻ የላከች ሰው ግን በባንክ በኩል ዱካ የላትም። ያለዎት የቴሌግራም ስሟ፣ የደወለችበት ስልክና ሞተረኛው ያደረሰበት በር ነው፤ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ሞተረኛው ቦታውን ሳይረሳ ዛሬውኑ ይጻፉት። የተጻጻፋችሁትን አንዱንም አያጥፉ፤ ስክሪንሾቱን እንዳለ፣ ሳይቆርጡ ያስቀምጡ። «ሒሳቡ ውስጥ ይህ ክፍያ አልገባም» የሚል የባንክ መግለጫ ባለቤትዎ ያውጣ፤ ሒሳቡ የእሱ ስለሆነ እርስዎ ቢሄዱ አይሰጥዎትም። ይህንን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማጭበርበር ይመለከታል፤ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረትም በስልክ የተጻጻፋችሁት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም። ፎቶዋን ወይም ቁጥሯን ቻናልዎ ላይ «ሌባ» ብሎ መለጠፉን ይተዉት፤ ሲሙ የሌላ ሰው ሆኖ ከተገኘ ተከሳሿ እርስዎ ይሆናሉ።

በዚህ ሰሞን ደግሞ «እህቴ፣ በስህተት 7,000 ብር ልኬልሻለሁ፣ ባክሽ መልሺልኝ» የሚል ሰው ሊደውልልዎ ይችላል፤ አንዴ የተታለለ ሰው ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ምንም አይላኩ። በእርግጥ ተሳስቶ ከሆነ ወደ ራሱ ባንክ ሄዶ ያመልክት፤ ባንኩ ያነጋግርዎታል። «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ ፒን ወይም በሜሴጅ የመጣ ኮድ የሚጠይቅም የባንክ ሰው አይደለም።

የኪውአር ወረቀቱን ፕላስቲክ አስለብሰው ለሞተረኛው ሲሰጡ ሞተሩ ላይ ወይም ሳጥኑ ላይ አያስለጥፉት፤ ሌላ ሰው የራሱን ኮድ ከላዩ ሊለጥፍበት ይችላል። ከከረጢቱ ጋር ይሂድ፣ ከከረጢቱ ጋር ይመለስ። ደንበኛዋም ስካን ካደረገች በኋላ፣ ፒኗን ሳታስገባ፣ የወጣላትን ስም ጮክ ብላ ታንብብልዎት፤ የእርስዎ ንግድ ስም ካልሆነ እዚያው ላይ ትቁም።